ያልተቀባው የበር ጉንጭ

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት መምህር እሆናለሁ። የሕንፃ ሞዴል አሠራርን በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ላስተምር ተስማምቼ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ የተቀመጥሁበትን ወንበር ለቅቄያለሁ። የሥራ ዘመንን መለስ ብሎ መተረክ ለጡረተኛ እንጂ ገና ሽበት ላላበቀለ ሰው አይገባም የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን አንድን ሙያ ተሰናብቶ የሚወጣ ሰው፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ ዞር ማለት ያለበት ይመስለኛል። ያየሁትን ሳልናገር ብወጣ ያየሁትን ያቃለልሁ ይሆንብኛል።

ሥራዬ ምን እንደ ነበር ከሁሉ አሳጥሮ የሚገልጸው አባቴ ነው። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ሀዋሳ ከመጣ በኋላ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጎረቤቶች ሲጠይቁት እንዲህ ይላቸዋል፦

«ልጄ ቤት ይቀባል።»

«ቀለም ቀቢ ነው እንዴ? ዩኒቨርሲቲ ገባ አላልኸንም?»

«ቀቢስ ቀቢ ነው። ግን ልብሱ ቆሽሾ አያውቅም። የተመቸው ለእናቱ ነው።»

አልዋሸም። አርክቴክቱ የነደፈው ሕንፃ በኮምፒውተር ውስጥ አካል ይዞ ይቆማል፤ ግድግዳው፣ ዓምዱ፣ ደረጃው፣ በሩ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተሠርተው ይገጣጠማሉ። ተገጣጥመው ሲያልቁ ግን ሁሉም ነጭ ናቸው። ድንጋዩ ነጭ፣ መስታወቱ ነጭ፣ እንጨቱም ነጭ። ለእያንዳንዱ አካል ከምን እንደ ተሠራና ምን ቀለም እንዳለው መንገር የእኔ ድርሻ ነበር። በስክሪኑ ጥግ የቀለም ባልዲ የምትመስል ምልክት አለች። ከቁሶቹ አንዱን መርጬ ባልዲዋን ግድግዳው ላይ ስጫን፣ ግድግዳው የተባለውን ይሆናል።

የመጀመሪያዋን ጠዋት አልረሳትም። የተሰጠኝ በሐይቁ ዳር ሊሠራ የታሰበ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ነጩ ሕንፃ ስክሪኑ ላይ ሲታይ መሬት የነካ አይመስልም፤ ወረቀት ታጥፎ የተቀመጠ ያህል ይቀልላል። ከሥሩ ያለውን ዝቅተኛ ግንብ መርጬ ጥቁር ድንጋይ አለበስሁት። በዚያች ቅጽበት ሕንፃው ተቀመጠ። አንድም መስመር አልተነካም፣ አንድም ልክ አልተለወጠም፤ ሕንፃው ግን ክብደት አገኘ። ስለ ፍጥረት ብዙ ያነበብሁ ሰው ነኝ። ያነበብሁት ሁሉ በዚያች ሰዓት ከአንዲት የጣት ንክኪ አንሶ ታየኝ። እጄን ከማውሱ ላይ አንሥቼ ዝም ብዬ ስመለከት የቢሮው ባለቤት አቶ ፍሬው በስተኋላዬ አለፉ።

«ፈላስፋው! ኮምፒውተሩ ነው የቆመብህ፣ ወይስ አንተ ነህ የቆምህበት?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ፈላስፋው ሆነ። አቶ ፍሬው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቸኳይ ነበሩ። ደመወዛችን በወቅቱ ይደርሰናል፤ ከወሩ ቀድሞ ያልቃል፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ የምለው የለም። አቶ ፍሬው የሚወዱት ቀለም ግራጫ ነበር። ከተማው በሙሉ ግራጫ አሉሚኒየም መልበስ በጀመረበት ወቅት፣ «ግራጫ የሚያስከፋው ደንበኛ የለም» እያሉ ግራጫን እንደ ጨው በየሥራው ይነሰንሱ ነበር።

ቀለምን ያስተማሩኝ ግን ወይዘሮ ሶስና ናቸው። ወይዘሮ ሶስና የቢሮው ዋና አርክቴክት ሲሆኑ፣ በወረቀትና በውሃ ቀለም ዘመን ጀምረው ወደ ኮምፒውተሩ የተሻገሩ ሴት ናቸው። በመስኮታቸው ደፍ ላይ የድንጋይ፣ የጡብ፣ የቀይ አሽና የቀርከሃ ስባሪዎች ተደርድረዋል፤ ከአጠገባቸው ምንጊዜም አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀመጣል። ውሃውን ለመጠጥ ያስቀመጡት መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ድንጋይ ሰጡኝና፦

«ምን ቀለም ነው?» አሉኝ።

«ግራጫ።»

ውሃውን አፈሰሱበት። ድንጋዩ ወደ ጥቁር ሄደ፤ ከጥቁሩም ውስጥ ደረቅ ሳለ ያልነበረ ሰማያዊ ወጣ።

«አሁንስ?»

ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርሁት።

«እዚህ አገር ክረምት የለም እንዴ? ለደንበኛው የበጋውን ቤት ብቻ አሳይተህ ልትሰደው ነው?» አሉና ጠረጴዛውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቁስ ለግድግዳ ከመመደቤ በፊት ሁለት ጊዜ እንዳየው አስገደዱኝ፤ አንድ ጊዜ በደረቁ፣ አንድ ጊዜ በእርጥቡ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አንድ አካል በሶፍትዌሩ ውስጥ ሲፈጠር ስም ካልሰጡት ቁጥር ብቻ ይዞ ይቀራል። ወይዘሮ ሶስና ቁጥር የያዘ አካል አያስቀቡም። «ስሙን ለማታውቀው ሰው ልብስ ትገዛለህ?» ይላሉ። ስለዚህ በቢሯችን ሞዴሎች ውስጥ እያንዳንዱ ነገር በአማርኛ ስም ነበረው፤ ሰው ዐይቶ የማያውቃቸው ነገሮች ሳይቀሩ። በር በግንብ ውስጥ ገባ ብሎ ሲገጠም ከግራና ከቀኝ የሚታየውን የግንቡን ውፍረት «የበር ጉንጭ» ብለው የሰየሙት እርሳቸው ናቸው። ሌላ ቢሮ ምን እንደሚለው አላውቅም፤ ለእኔ እስከ ዛሬ ጉንጭ ነው።

ሦስተኛው ልማዳቸው ያልተወሰነን ነገር ነጭ መተው ነበር። «ግራጫ ከቀባኸው ያለቀለት ይመስላል፤ ማንም አይጠይቅህም። ነጭ ሲሆን ግን ሠራተኛው ቆሞ ይጠይቃል» ይሉ ነበር። ይህ ልማድ ከሶፍትዌሩ አንድ ሥርዓት ጋር ይገጥማል። አንድ በር ከብዙ ገጾች፣ ማለትም ከጠፍጣፋ ጎኖች፣ ተሠርቶ እንደ አንድ አካል ሲታሰር፣ ከውጭ ቀለም ብንሰጠው ያልተቀቡት ገጾቹ ሁሉ ያንን ቀለም ይቀበላሉ። ከውስጥ አስቀድሞ የተቀባ ገጽ ካለው ግን እርሱ የራሱን ይዞ ይቀራል፤ ከውጭ የፈለግነውን ያህል ብንቀባው አይሰማም። ደግሞም አንድ በር ተባዝቶ ሃያ ቦታ ቢቆም፣ ከውጭ ለእያንዳንዱ የተለየ ቀለም መስጠት ይቻላል፤ ከውስጥ የተነካ እንደ ሆነ ግን ሃያውም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ወይዘሮ ሶስና ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ይጨርሱት ነበር፦ «ያልተቀባ ይቀበላል።»

የሥራ ዘመኔ መታጠፊያ የሆነው በሀዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሠራነው የሱቆች ሕንፃ ነው። በቆርቆሮ ሱቆች የሚነግዱ ሰዎች ማኅበር መሥርተው፣ አሮጌው ረድፍ ፈርሶ ትንሽ ራቅ ብሎ በሚገኝ ቦታ ላይ አዲስ ሕንፃ ሊሠሩ ነበር። ንድፉን ለማየት ቢሯችን ሲመጡ አቶ ፍሬው ግራጫውን ምስል በግድግዳው ላይ አበሩት። ሁሉም አደነቁ። ከመሐል አንዲት ጠና ያሉ ሴት እጃቸውን አነሡ፤ ወይዘሮ አበራሽ ይባላሉ፤ የቃጫ ገመድና ጆንያ ነጋዴ ናቸው።

«ቆንጆ ነው፣ ጌታ ይመስገን። የእኔ የቱ ነው?»

«ከግራ አራተኛው» አሉ አቶ ፍሬው።

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። ቃጫ የሚያመጡልኝ እናቶች በምን ያውቁታል?»

«ታፔላ ይኖራልኮ፣ እናቴ።»

«ታፔላ ለሚያነብ ነው። እነሱ የሚያነቡት በሬን ነው። ቢጫው በር ብለው ነው ከገጠር የሚመጡት።»

ሳቅ ሆነ። አንድ ጫማ ነጋዴ ደግሞ፣ «እውነቷን ነው! እኔንም ሰማያዊው ጋ ነው የሚሉኝ። ስሜን የምታውቀው ሚስቴ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ነው የምትጠራኝ» አለ። ያን ጊዜ ሁሉም የየበሩን ቀለም ይናገር ጀመር። ከቀለም ይልቅ የሰው ስም የሚጠራ ይመስል ነበር። ወይዘሮ ሶስና እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ በሮቹ እያንዳንዳቸው የቀድሞ ቀለማቸውን ይዘው ወደ አዲሱ ሕንፃ እንዲገቡ አቶ ፍሬውን አስማሙ። ወይዘሮ አበራሽ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ሴቶቹ ሸክማቸውን ከዝናብ አስጠግተው የሚያሳርፉበት ቦታ። ስለዚህ በሮቹን ወደ ግንቡ ውስጥ ጠለቅ አድርገን ነደፍናቸው።

በማግሥቱ ወይዘሮ ሶስናና እኔ በባጃጅ ወደ አሮጌው ረድፍ ሄድን። እያንዳንዱን የላሜራ በር ፎቶ ሳነሣ ነጭ ወረቀት ከበሩ አጠገብ እንድይዝ አዘዙኝ፤ ፎቶው ላይ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ብርሃኑን ሳስተካክል የበሩም ቀለም ወደ እውነቱ ይመለሳል። የወይዘሮ አበራሽ በር ግን አስቸገረን። በየትኛውም የቀለም ካታሎግ ያልነበረ ቢጫ ነው፤ ወደ እንቁላል አስኳል ያዘነበለ፣ ከሥሩ ትንሽ አረንጓዴ ያለበት።

«ባለቤቴ ጀልባ ቀቢ ነው። ከጀልባ የተረፈውን እየደባለቀ ነው የሚያመጣልኝ» አሉ ወይዘሮ አበራሽ። «ሐይቁ ላይ ካየሃት አንዷ ጀልባ የበሬ መንትያ ናት።»

የበሩ ታችኛ ክፍል ሴቶቹ ሸክማቸውን የሚያስደግፉበት በመሆኑ ተፍቆ ያበራ ነበር። ወይዘሮ ሶስና እጃቸውን እላዩ ላይ አሳርፈው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው በክዳኑ ጥላ ሥር ፀሐይ ያልነካውን ጥግ አመለከቱኝ። «የምትወስደው ከዚያ ነው» አሉኝ። ያንን ቢጫ በስክሪኔ ላይ ለማግኘት ስደክም ዋልሁ። የቀይና የአረንጓዴውን መጠን በትንሽ በትንሹ እየጨመርሁና እየቀነስሁ ሳለሁ፣ በድንገት ከፊቴ የቆመው የስክሪን ቀለም መሆኑ ቀርቶ የወይዘሮ አበራሽ በር ሆነ። ሰው ከሕዝብ መካከል የሚያውቀውን ፊት ሲለይ የሚሰማው ዓይነት ድንጋጤ ተሰማኝ።

በሞዴሉ ውስጥ አንድ በር ሠርተን አባዛነው፤ ለእያንዳንዱም ከውጭ የየራሱን ቀለም ሰጠነው። የፊቱን ግንብ አቶ ፍሬው ግራጫ አሉት። የበሮቹን ጉንጭ ግን ወይዘሮ ሶስና ገና አልወሰኑም ነበርና ነጭ ተዉት። ነጋዴዎቹ ምስሉን ሲያዩ ጣታቸውን ዘርግተው የየራሳቸውን በር ጠሩ። ወይዘሮ አበራሽ ወደ ግድግዳው ተጠግተው በብርሃን የተሠራውን በር በመዳፋቸው ዳሰሱት።

ውድቀታችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ግንባታው ተጀምሮ ሳለ ማኅበሩ በላሜራው በር ፈንታ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር እንዲሆን ወሰነ፤ ለቦታ ቁጠባ ነው። በሩን የሚሠራው ወርክሾፕ የራሱን የኮምፒውተር ሞዴል ላከልን። የተላከው በር የተሰየመው በፊደልና በቁጥር ድርድር ብቻ ነበር፤ ከውስጥም ገጾቹ ሁሉ በፋብሪካ ግራጫ ተቀብተው መጥተዋል። በአሮጌው በር ፈንታ ሲገባ የሰጠነው ቀለም ሁሉ አልተሰማም። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው በአንድ ጊዜ ግራጫ ሆኑ።

እንዴት አላያችሁም የሚለኝ ይኖራል። በዚያ ሰሞን ዐይናችን ያለው ደረጃውና ጣሪያው ላይ ነበር። በሮቹን አይተን የጨረስን መስሎን ነበር፤ አይቶ የጨረሱትን ነገር ደግሞ ማንም ዳግመኛ አያይም። አቶ ፍሬው «ቅዳሜ ይረከባሉ፣ ቅዳሜ!» እያሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይመላለሱ ነበር። ወይዘሮ ሶስና ስም ያልወጣለትን በር አይተው፣ በዕድሜያቸው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንዲያልፍ ፈቀዱለት። የቀለሙ ዝርዝር ከሞዴሉ ወጥቶ ወደ ወርክሾፑ ሄደ። በሮቹ ግራጫ ተቀብተው፣ ቀለሙ ብረቱን እንዲይዝ በምድጃ ተጋገሩ። በምድጃ የተጋገረ ቀለም ላይ ሌላ ቀለም ቢደርቡበት ሳይውል ሳያድር ይላጣል።

ሱቆቹ በተከፈቱ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ወይዘሮ ሶስናና እኔ ሄድን። ያየሁትን በሕይወቴ አልረሳውም። ከገጠር የመጡ ሴቶች ቃጫቸውን በጀርባቸው አዝለው በሕንፃው ፊት ያልፋሉ፤ ይመለሳሉ፤ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። ሁሉም ሱቅ አንድ ዓይነት ነበር። ወይዘሮ አበራሽ ከሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ በየስማቸው እየጠሩ ይጮኻሉ፤ በገበያው ጩኸት መካከል ግን ድምፃቸው የሚሰማው ለቅርቡ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ወደ ታች ወርደው አሮጌው ረድፍ የነበረበት ቦታ ሄዱ። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ሸክማቸውን በአጥሩ ሥር አስቀምጠው፣ ቢጫው በር የነበረበትን አቅጣጫ እያዩ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ደላሎች መጥተው ከበቧቸው።

ወይዘሮ ሶስና ወደ ወይዘሮ አበራሽ ቀረቡ።

«ያጸደቅሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ወይዘሮ አበራሽ ለጥቂት ጊዜ አዩዋቸው። «እኔ አንቺን አልከስም፣ እህቴ። ግን ሌላ አንድ ሁለት ገበያ እንዲህ ከሆነ እነሱ ከሌላ ሰው ጋር ይለምዳሉ፤ እኔም ቁልፉን ለማኅበሩ እመልሳለሁ። ገመድ የሌለው የገመድ ሱቅ ምን ይሠራል?»

ቢሮ ስንደርስ ሞዴሉን ከፍቼ ከወርክሾፑ የመጣውን በር ከውስጥ ፈታሁት፤ ግራጫውን አነሣሁና የወይዘሮ አበራሽን ቢጫ ከውጭ መልሼ አለበስሁት። በሩ እሺ ብሎ ተቀበለ። ወርክሾፑ እንደገና ቢጋግረው፣ ማኅበሩም ቢያስገድድ እያልሁ ማሰብ ጀመርሁ። ወይዘሮ ሶስና ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ዛሬ ጠዋት በሩ የት ነበር?» አሉኝ።

«እንዴት የት ነበር?»

«የወይዘሮ አበራሽ በር። ስንደርስ አየኸው?»

ለማስታወስ ሞከርሁ። ወይዘሮ አበራሽን አስታወስሁ፣ ከኋላቸው የተንጠለጠለውን ገመድ አስታወስሁ። በሩን ግን አላስታወስሁትም። አላየሁትም ነበርና።

«ወደ ላይ ተጠቅልሏል» አልሁ።

«ተጠቅልሏል። የአሮጌው ረድፍ በር ሲከፈት ወደ ውጭ ታጥፎ ግድግዳው ላይ ቀኑን ሙሉ ይታይ ነበር። ይህኛው ግን ሱቁ ሲከፈት ይጠፋል። ቢጫ ቢሆን ኖሮስ ማን ያየው ነበር?»

በዚያች ቅጽበት ውድቀታችን ከገመትነው የጠለቀ መሆኑን ተረዳሁ። በሩ በትክክል ቢጫ ቢቀባም ኖሮ ሴቶቹ ያው ሱቁን ባላገኙት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሕንፃውን ስናሽከረክር፣ ስናደንቅ፣ ስናስደንቅ፣ በሞዴላችን ውስጥ ሱቆቹ ሁልጊዜ ዝግ ነበሩ። አንድም ቀን አንድም በር ከፍተን አናውቅም። ቀለም የሰጠነው ሕንፃ ሰው የማይገባበት ሕንፃ ነበር።

«ክፈተው» አሉኝ ወይዘሮ ሶስና።

በሮቹን ሁሉ ወደ ላይ ጠቀለልኋቸው። ሕንፃው አፉን ከፈተ። ጠለቅ ባለው ክፍት ቦታ ግራና ቀኝ፣ ከግራጫው ግንብ መካከል፣ ሁለት ሁለት ነጫጭ ገጾች ቆመው ታዩ፤ ማንም ያልወሰነባቸው፣ ስማቸው ብቻ የወጣላቸው የበር ጉንጮች።

ወይዘሮ ሶስና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ኮንትራክተሩ ጠይቆ ነበርኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ጉንጩን ምን እንቀባው ብሎ። አቶ ፍሬው ‹በኋላ› አሉት። እስከ አሁን ባዶ ልስን ነው።»

ቢጫውን መርጬ ባልዲዋን በወይዘሮ አበራሽ ሱቅ ጉንጮች ላይ ተጫንሁ። በሞዴሉ መንገድ ላይ የሰው ቁመት በሚያህል ከፍታ ሆኜ እንደሚራመድ ሰው ሄድሁ። ከሩቅ ሆኜ ፊት ለፊት ሳየው ግራጫ ሕንፃ ነው። ወደ ጎን ሆኜ ስቀርብ ግን ጉንጩ እየሰፋ፣ እየበራ መጣ፤ ገበያተኛ ደግሞ ከሱቅ ረድፍ ፊት በጎን እንጂ ከፊት ለፊት አይመጣም። የበሩ መከፈት የሚደብቀው ቀለም አልነበረም፤ እንዲያውም የሚታየው በሩ ሲከፈት ነበር።

አቶ ፍሬው መጀመሪያ እጃቸውን አወናጨፉ። «ሶስና፣ ይህ ሕንፃ ነው እንጂ የአጸደ ሕፃናት አጥር አይደለም!»

«በሮቹ የዘጉትን ጉንጮቹ ይክፈቱት፣ አቶ ፍሬው። ደግሞም ‹በኋላ› ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ‹በኋላው› ዛሬ ነው።»

አቶ ፍሬው በስክሪኑ ላይ በዚያ መንገድ አንድ ጊዜ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ሄዱ። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ከጉንጩ አንድ ጣት እንዳትወጡ! ፊቱ የእኔ ነው።»

ነጋዴዎቹ የየራሳቸውን ጉንጭ ራሳቸው ቀቡ። ባዶው ልስን እንደ ጠማው መሬት ቀለሙን ጠጣ። የወይዘሮ አበራሽን ጉንጭ የቀቡት ባለቤታቸው ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ጣቶቻቸው በብዙ ጀልባ ቀለም የተዥጎረጎሩ ሽማግሌ። ቀኑን ሙሉ የደከምሁበትን ቢጫ በወረቀት አትሜ ወስጄላቸው ነበር። አንድ ጊዜ አይተው፣ «ጥሩ ነው፣ ልጄ» ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ከቀለም ቆርቆሯቸው እየጠቀሱ መቀባት ቀጠሉ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከጫማ ነጋዴው ሱቅ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። አንዲት ሴት ቃጫዋን አዝላ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አለች። አንገቷን አቀርቅራ፣ ከሸክሙ የተነሣ መሬት መሬቱን እያየች ትመጣለች። ሱቆቹን አልቆጠረችም፤ ታፔላ አላየችም፤ ቀናም አላለችም። ቢጫው ዐይኗ ጥግ ላይ ሲያርፍ እግሯ ራሱ ታጠፈ። ወደ ጉንጩ ተጠግታ ሸክሟን አስደገፈችና ተነፈሰች። ወይዘሮ አበራሽ ከውስጥ ሳይጠሩ ወጡ። ሁለቱ በሲዳሙ አፎ ያወሩትን አልሰማሁም፤ ሳቃቸውን ግን ሰማሁ። ከኋላዋ ሌሎች ይመጡ ነበር።

ያን ዕለት እስከ ማምሻው ከወይዘሮ ሶስና ጋር እዚያው ቆየን። ሕንፃው ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞረ ነውና ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኗ በቀጥታ ይገባበታል። ወይዘሮ አበራሽ ሊዘጉ ሆነ፤ የተጋገረውን ግራጫ በር ስበው አወረዱት። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ሆነ። ብርሃኑ ቢጫውን ጉንጭ መታና ከጉንጩ ተመልሶ በሩ ላይ ፈሰሰ። ግራጫው ብረት ከዳር እስከ ዳር ሞቀ፤ አስኳል መሰለ። ማንም ያልቀባው በር፣ እንዲያውም ምንም እንዳይቀበል ሆኖ የተጋገረው በር፣ ከጎረቤቱ ቀለም ተቀብሎ ቢጫ ሆነ።

ወይዘሮ ሶስና ወደ በሩ ጠጋ አሉ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ «ያልተቀባ ይቀበላል» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ሥርዓቱን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ሥርዓቱ ሲታለፍ አብረን ያየነውም ያኔ ነው።

«የተቀባውም ይቀበላል ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው ያህል።

ወይዘሮ አበራሽ የሚያስደንቅ ነገር እንዳለ አላወቁም። ቁልፉን ቆልፈው፣ በአሮጌው በር ላይ ያደርጉት እንደ ነበረው አዲሱንም በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «ደኅና እደሩ፣ ልጆቼ» ብለውን ሄዱ።

አስተምር ብለው የገፋፉኝ ወይዘሮ ሶስና ናቸው፤ «መጽሐፍ ለብቻህ አንብበህ ልትጨርሰው ነው? ሂድና አካፍል» አሉኝ። ሰኞ ለተማሪዎቼ ነጩን ሕንፃ አሳያቸዋለሁ። ቀለም ስለ መመደብ አንዲት ቃል ከመናገሬ በፊት ግን በሮቹን ሁሉ ከፍቼ እጠብቃቸዋለሁ።